ጥሪው ይቅደም ወይስ ዝላዩ? ሜዳ ላይ ጆሮ ለማይሰጥ ውሻ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የ11 ወር ወንድ ውሻ አለኝ፤ ቁመቱ ጉልበቴ ድረስ ነው። ቤት ውስጥ ‹ና› ስለው እየሮጠ ይመጣል። ሜዳ ወስጄ ማሰሪያውን ስፈታለት ግን ጆሮ የለውም፤ እያየኝ ይሸሻል፣ ለመያዝ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። መዝለል በጣም ስለሚወድ በሁለት ወንበሮች መካከል የመጥረጊያ እንጨት አጋድሜ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል አዘልለዋለሁ። አጂሊቲ ላስጀምረው አስቤያለሁ። ዝላዩ ትኩረቱን ይሰበስብለት ይሆን ወይስ መጀመሪያ ጥሪውን ላስተካክል?»

ጥሪው ይቀድማል፤ የመጥረጊያው እንጨት ደግሞ ዛሬውኑ ይነሣ። ዝላይ ትኩረት አይሰበስብም። ውሻን ያሞቃል፣ ያጣድፋል፤ ሰውን መስማት ያልለመደ ውሻ ደግሞ ሲሞቅ ጭራሹን አይሰማም። አጂሊቲ ውሻው ያለ ማሰሪያ እየሮጠ፣ በእርስዎ ድምፅና የሰውነት እንቅስቃሴ ብቻ እየተመራ መሰናክሎችን በተራ የሚያልፍበት ስፖርት ስለሆነ፣ ሲጠራ የማይመጣ ውሻ እዚያ ውስጥ የሚይዘው ነገር የለም።

«እያየኝ ይሸሻል» ያሉት የጥያቄው ቁልፍ ነው። ዞር ብሎ አይቶ የሚሸሽ ውሻ ጥሪውን ሰምቶታል፣ ትርጉሙንም ያውቀዋል። ታዲያ ትርጉሙ ለእሱ ምንድን ነው? ባለፈው ሳምንት ሜዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደጠሩት፣ ከእያንዳንዱ ጥሪ ቀጥሎ ምን እንደተከተለ ወረቀት ላይ ቢጽፉት መልሱ ወዲያው ይታያል። አብዛኛው ባለቤት ሜዳ ላይ የሚጠራው አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፤ ያም የመሄጃ ሰዓት ሲደርስ። ጥሪ፣ ማሰሪያ፣ ቤት። ይህን ቅደም ተከተል ውሻው ለመማር ብዙ ቀን አይፈጅበትም። ተይዞ ሲመጣ ቁጣ ከተጨመረበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ውሻ ቁጣውን የሚያያይዘው ከግማሽ ሰዓት በፊት ካጠፋው ጥፋት ጋር ሳይሆን አሁን ካደረገው ነገር ጋር ነው፤ አሁን ያደረገው ደግሞ ወደ እርስዎ መቅረብ ነው።

ሁለተኛው ችግር ቃሉ ራሱ ነው። «ና» በማንኛውም ቤት ቀኑን ሙሉ የሚነገር ቃል ነው፤ ለልጅ «ና ብላ»፣ ለእንግዳ «ና ግባ»፣ አንዳንዴም ለውሻው እያሉ ሲጠሩት ይውላሉ። ውሻው ሃምሳ ጊዜ ሰምቶ እሱን የሚመለከተው ሁለቴ ከሆነ ቃሉን እንደ ዝናብ ድምፅ ማለፍ ይለምዳል። «ቆይ»ም እንዲሁ ነው፤ «ቆይ መጣሁ» እያልን ለሰዉ ሁሉ ስለምንለው ባለህበት ጽና የሚለው ትርጉሙ ይሟሟል። በዚያ ላይ አንዱ «ተቀመጥ»፣ ሌላው «ቁጭ በል» ካለ ውሻው ሁለት ቃል ለመማር ይገደዳል። ስለዚህ የተበላሸውን «ና» ለማደስ አይድከሙ፤ ይተዉት። በቤታችሁ ንግግር የማይገባ፣ አጭርና ስለታም ድምፅ ይምረጡ። ፊሽካ በጣም ጥሩ ነው፦ ሩቅ ይደርሳል፣ ማን ቢነፋው ያው ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲናደዱ አይቆጣም። ሁለት አጭር ፉጨት ይበቃል።

ሦስተኛው፣ ውሻ አንድ ቦታ የተማረውን በራሱ ወደ ሌላ ቦታ አያሻግርም። ሳሎን ውስጥ የሚመጣ ውሻ የተማረው «ሳሎን ውስጥ መምጣት»ን ነው። ሜዳው ሽታ፣ ወፍ፣ ሌላ ውሻ ያለበት አዲስ ክፍል ነውና ትምህርቱ እዚያ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ዙር ፈጣን ይሆናል እንጂ አይቀርም።

ዕቃ ላይ ብዙ አያወጡም። 10 ሜትር የሚሆን ጠፍጣፋ ገመድ፣ ከደረት በኩል የእንግሊዝኛውን ፊደል «ዋይ» (Y) ቅርጽ የያዘ፣ ትከሻውን የማያስር የደረት ማሰሪያ፣ ከወገብ የሚንጠለጠል የሽልማት ከረጢት፣ ፊሽካ። ገመዱ ከጀርባው ባለው ቀለበት ላይ ይታሰር፤ በአንገቱ ላይ ፈጽሞ አይሁን። በ10 ሜትር ላይ ፍጥነት ይዞ የሚሮጥ ውሻ ገመዱ ሲያልቅ የሚያርፍበት ድንገተኛ ጉተታ አንገትና የአየር ቧንቧ ላይ ጉዳት ያደርሳል። መሬት ለመሬት የሚጎተተው ጫፍ ላይ መያዣ ቀለበት ካለ ይቁረጡት፣ ሥርና ድንጋይ ላይ ይጠመጠማል። በራሱ የሚጠቀለለው ባለ መዘውር ማሰሪያ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሁልጊዜ ትንሽ ስለሚስብ ውሻው እየጎተተ መራመድን ይማርበታል።

ሽልማቱ የአተር ፍሬ የምታህል፣ ለስላሳ፣ ሳይታኘክ የሚዋጥ ይሁን። ደረቅ ብስኩት እስኪያደቅ ድረስ ለምን እንደተሸለመ ይረሳዋል። ሁለት ደረጃ ያዘጋጁ፦ ለቤት ውስጥ የዕለት ምግቡ፣ ለሜዳ ደግሞ ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ ሥጋ ወይም አይብ። ሜዳው ላይ የሚወዳደሩት ከሽታና ከወፍ ጋር ነውና እዚያ መቆጠብ አያዋጣም። ጠቅላላ ሽልማቱ ከቀኑ የምግብ ጉልበት 10 በመቶ እንዳያልፍ፣ የሰጡትን ያህል ከሳህኑ ይቀንሱ። ዘቢብና ወይን፣ ቸኮላት፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ያለበት ማንኛውም ነገር ለውሻ መርዝ ስለሆነ ከረጢቱ አጠገብ አይድረስ።

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ውሻው ምንም አይጠየቅም። አጠገብዎ ቆሞ ሳለ ሁለት ጊዜ ያፏጩ፣ ከዚያ አንድ ሴኮንድ ሳይሞላ ማጉረስ ይጀምሩ፤ ሦስት ቁራሽ አከታትለው ይስጡት። በአንድ ዙር 10 ጊዜ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ዙር። አንድ ዙር ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አይበልጥም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ እጅዎ። ፉጨቱ ሲጀመር እጅዎ ከረጢቱ ውስጥ ከሆነ ውሻው የተማረው እጁን ነው፣ ድምፁን አይደለም። እጅ ጎን ላይ ዝም ይበል፤ ፉጨት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ እጅ ወደ ከረጢት ይሂድ። የሠራ መሆኑን ለማወቅ በአራተኛው ቀን ጀርባውን ሰጥቶ ሳለ ያፏጩ። አንገቱ እንደ ተሳበ ሆኖ ከተጠመዘዘ ድምፁ ትርጉም አግኝቷል። ጆሮውን ብቻ ካዞረ ሁለት ቀን ይጨምሩ።

ቀጥሎ እንቅስቃሴ ይጨመር። አንድ ቁራሽ 2 ሜትር ራቅ አድርገው ይጣሉለት፤ ልሶ ጨርሶ ራሱን ቀና ሊያደርግ ሲል ያፏጩ። ሲመጣ ይሸልሙት፣ እንደገና ይጣሉ። በኮሪደር፣ ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከዚያ በግቢ። ደረጃ ለመጨመር የሚያገለግለው መለኪያ ቀላል ነው፦ ከ10 ጥሪ 8ቱ ወዲያው ከተመለሱ ያክብዱት፤ 5 ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ ያቅልሉት፤ በመካከል ከሆነ እዚያው ይቆዩ።

ሜዳ ላይ በረጅሙ ገመድ ሲወጡ ወዲያው አይጥሩት። አዲስ ቦታ የደረሰ ውሻ አፍንጫው ሥራ ላይ ነው፤ ለ5 ደቂቃ ያሽትት፣ እርስዎ ይቁሙ። በራሱ ዞር ብሎ ሲያይዎት «ጎበዝ» ብለው ይሸልሙት። ይህ ያልተጠራበት ዕይታ ለእኔ ከጥሪው ራሱ ይበልጣል፤ አጂሊቲ ላይም የሚያስፈልገው እሱ ነው። ከዚያ በ3 ሜትር ርቀት፣ አንዱን ሽታ ጨርሶ ወደ ሌላው ሊሄድ ሲል ይጥሩት። አፍንጫው ሣሩ ውስጥ ተቀብሮ ሳለ መጥራት ለጊዜው ይቅር።

ጥሪው አንድ ብቻ ነው። በሁለት ሴኮንድ ካልተነቃነቀ አይድገሙ፤ የተደጋገመ ጥሪ «አራተኛው ሲነፋ እመጣለሁ» የሚል ትምህርት ነው። ገመዱንም እንደ ባልዲ አይሳቡት። ገመዱን እየሰበሰቡ ወደ እሱ ይራመዱ፣ አጠገቡ ሲደርሱ ሽልማቱን አፍንጫው ላይ አድርገው ወደ ኋላ ሁለት ሦስት እርምጃ እየተመለሱ ያምጡት፣ አንዲት ቁራሽ ብቻ ይስጡት። ቀጣዩን ጥሪ በግማሽ ርቀት ያድርጉ። ያልመጣበት ጥሪ ስለ ውሻው ባሕርይ የሚነግርዎት ነገር የለም፤ ፈተናውን ሳይደርስ እንዳከበዱት ነው የሚነግርዎት።

አሁን አብዛኛው ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ደርሰናል፤ የመጨረሻዋ አንድ ክንድ። ውሻው እየሮጠ መጥቶ አንድ ክንድ ሲቀረው ይቆማል፣ ሽልማቱን አንገቱን አስግጎ ይነጥቅና ወደ ጎን ይፈነጠራል። ምክንያቱ ከላይ የሚወርደው እጅ ነው፤ እጅ በራሱ ላይ ሲያልፍ ማሰሪያ እንደሚከተል ያውቃል። ማስተካከያው ለብቻው ቤት ውስጥ ይሠራል። ጎንበስ ይበሉ፣ መዳፍዎን ወደ ላይ አድርገው ከአገጩ በታች ያለውን የደረት ማሰሪያውን ጠፍር ይንኩ፣ ከዚያ ያጉርሱት። መንካት፣ ጉርሻ። መንካት፣ ጉርሻ። 20 ጊዜ። በማግስቱ ለአንድ ሴኮንድ መያዝ፣ ጉርሻ፤ ከዚያ ሦስት ሴኮንድ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለት ምግቡ ቀድሞ እጁ ከተከተለ፣ ምግቡ ራሱ የወጥመድ ምልክት ይሆናል። ሜዳ ላይ ሲመጣም ሽልማቱን እጅ ዘርግተው ሳይሆን ከጉልበትዎ ጋር አስጠግተው ይስጡ፤ ጠፍሩን ይያዙ፣ ሦስት አራት ቁራሽ አንድ በአንድ ያጉርሱ፣ ይልቀቁ፣ «ሂድ» ይበሉት።

ይህ «ሂድ» ከሥጋው እኩል ዋጋ አለው። ከ10 ጥሪ 9ኙ ወደ ሽታው ወደ ጨዋታው መመለሻ መሆን አለባቸው። አሥረኛው የመሄጃው ይሁን፤ ያኔም ካሰሩት በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ አጫውተውት ነው መንገድ የሚጀመረው። ገላ ለማጠብ፣ ጥፍር ለመቁረጥ፣ ብቻውን ቤት ትቶ ለመውጣት በፊሽካው አይጥሩት፤ ሄደው ያምጡት። እንደማይመጣ በሚያውቁበት ሰዓትም፣ ለምሳሌ ድመት እያሳደደ ሳለ፣ አይንፉት።

ትኩረት የሚስበውን ነገር የምትቆጣጠሩት በርቀት ነው። ሌላ ውሻ በ50 ሜትር ላይ ሲታይ መመለስ ከቻለ 40 ይሞክሩ። ሥጋውን አፉ ድረስ አድርሰውለት ካልበላ ወይም ጣትዎን ጨምሮ ከነከሰ፣ ከአቅሙ በላይ ቀርበዋል፤ ወደ ኋላ ይመለሱ። ርቀት፣ ቆይታ፣ ትኩረት ሳቢ ነገር፤ ከሦስቱ አንዱ ሲከብድ ሁለቱ ይቅለሉ። በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ከ10 ጥሪ 9ኙን በመጀመሪያው ፉጨት ሲመለስ ገመዱን ከእጅ ለቀው መሬት ላይ እንዲጎተት ይተዉት፤ ያ ለሳምንታት ከተሳካ በኋላ ይፈታል። 11 ወር ውሻ ጎረምሳ የሚሆንበት ዕድሜ ነውና ጥሩ ሳምንት አልፎ መጥፎ ሳምንት ቢመጣ አይገረሙ፤ ገመዱን መልሰው ይሰሩት፣ ሌላ ነገር አይደለም። ካመለጠ ደግሞ አያሳዱት፤ ማሳደድ ለእሱ ጨዋታ ነው። ተቃራኒውን ይሩጡ ወይም ይንበርከኩና መሬት ይጫሩ።

በኤሌክትሪክ የሚነዝር የአንገት ማሰሪያ እንዲገዙ የሚመክር ሰው አይጠፋም። ችግሩ ውሻው ሕመሙን ከምን ጋር እንደሚያያይዘው መምረጥ አለመቻልዎ ነው። በተነዘረበት ቅጽበት ያየው ሕፃን ወይም ሌላ ውሻ ከሆነ ጥሪ ሳይሆን ፍርሃት አስተማሩት ማለት ነው።

ወደ ዝላዩ እንምጣ። የውሻ ረጃጅም አጥንቶች የሚያድጉት ጫፋቸው አካባቢ ካለ ለስላሳ የማደጊያ ክፍል ነው። ይህ ክፍል እስኪጠነክር ድረስ ከአጥንቱ ሁሉ ደካማው ቦታ ሲሆን፣ የሚጠነክርበት ጊዜ በትናንሽ ዝርያዎች ከ8 እስከ 12 ወር፣ በመካከለኞች ከአንድ ዓመት እስከ 14 ወር አካባቢ፣ በግዙፎቹ ደግሞ እስከ 18 ወርና ከዚያም በላይ ይዘልቃል። ዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ ኤፍሲአይ፣ ከ18 ወር በታች ያለ ውሻ በአጂሊቲ እንዳይወዳደር የሚከለክለው ያለ ምክንያት አይደለም። የዝላዩ ቁመትም የሚወሰነው ከመሬት እስከ ትከሻው አናት ባለው ቁመት ነው፦ ከ35 ሳንቲ ሜትር በታች ለሆነ ውሻ ከ25 እስከ 30፣ እስከ 43 ለሚደርስ ከ35 እስከ 40፣ እስከ 48 ለሚደርስ ከ45 እስከ 50፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከ55 እስከ 60። እርስዎ እያዘለሉት ያሉት እንግዲህ ላደጉና ለሠለጠኑ ትላልቅ ውሾች የተቀመጠውን ጣሪያ ነው፤ በ11 ወሩ፣ ሳይሞቅ፣ በማይወድቅ እንጨት።

«የማይወድቅ» የሚለው ዋናው ነው። የአጂሊቲ አግዳሚ ቀላል የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ዘንግ ሆኖ ጥልቀት በሌለው መደገፊያ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነው፤ እግር ከነካው ይወድቃል። ወንበር ላይ የተሰካ መጥረጊያ እግር ሲይዝ ውሻው በአፍንጫው ይተከላል ወይም ወንበሩ ይከተለዋል። አንዴ እንዲያ የሆነ ውሻ ከዚያ በኋላ ከሩቅ ይነሣል፣ ወይም ከመዝለሉ በፊት አጫጭር እርምጃ እየጨመረ ይጠራጠራል።

እስኪያድግ ድረስ የሚሠራ ሞልቷል። አግዳሚውን መሬት ላይ አስተኝተው፣ ወይም ቢበዛ የፊት እግሩ የታችኛው መታጠፊያ ድረስ ብቻ ከፍ አድርገው ይርገጥ፣ ይሻገር። በዛፍ ወይም በባልዲ ዙሪያ በግራም በቀኝም መዞር፤ አራት እግሩን ትንሽ ሣጥን ላይ ማሳረፍ፤ ወደ ኋላ መራመድ። ይህ የመጨረሻው ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን ብዙ ውሾች የኋላ እግራቸው የት እንዳለ የሚያውቁት ስላልሆነ ትልቁ የመሠረት ሥራ ይህ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳንቃ መሬት ላይ አጋድመው ጫፉ ላይ ሲደርስ የፊት እግሮቹን መሬት፣ የኋላዎቹን ሳንቃው ላይ አድርጎ እንዲቆም ያለማምዱት። ኋላ ላይ ከአጂሊቲ መሰናክሎች አንዱ በሆነው ከፍ ያለ ድልድይ ላይ ሲወጣ፣ በቀለም የተለየውን የ90 ሳንቲ ሜትር መውረጃ ዘልሎ እንዳያልፍ የሚያደርገው ይህ ልማድ ነው። ሌላው መሰናክል፣ ውሻው ውስጡን የሚያልፍበት የቱቦ ዋሻ፣ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አጣጥፈው አንድ ሜትር አድርገውት፣ ማዶ ሆነው ፊቱን እያየ ይጀምር። በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት በተተከሉት 12 ዘንጎች መካከል መጠማዘዝን ግን እስኪያድግ ያቆዩት፤ አከርካሪንና ትከሻን የሚያለፋ ሥራ ነው።

ዝላይ ሲጀመር ሽልማቱ ከእጅ አይሰጥ። ከአግዳሚው ማዶ 3 ሜትር ያህል መሬት ላይ ይቀመጥ ወይም ይወርወር፤ አለዚያ ውሻው አግዳሚውን ትቶ እጅዎን እያየ ይዘልላል፣ ጀርባውም ይጠማዘዛል። አግዳሚ የሚወድቅበት ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ ውሻው ሳይሆን የሰውየው ምላስ ነው፦ ውሻው አየር ላይ ሳለ ስሙን ከጠሩት ራሱን ያዞራል፣ የኋላ እግሩ ይወርዳል፣ ዘንጉ ይወድቃል። መታጠፍ ካለበት ከመነሣቱ በፊት ይነገረው። በሣር ወይም በማያንሸራትት መሬት ላይ ብቻ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በእግር ጉዞና በሶምሶማ ካሞቁት በኋላ፣ በአንድ ልምምድ ከ10 እስከ 15 ዝላይ፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃዋል። መሬቱ የእጅዎን ጀርባ ለ7 ሴኮንድ ካቃጠለው የእሱንም መዳፍ ያቃጥላል። ይወደው የነበረውን ዝላይ በድንገት እምቢ ካለ፣ ወይም የኋላ እግሮቹን እንደ ጥንቸል አጣምሮ ከሮጠ፣ ልምምዱን አቁመው የእንስሳት ሐኪም ያሳዩት።

አንድ ነገር ይጨመር። «እስከዚያው በረጅሙ ገመድ አስሬ ላዘልለው» የሚለው ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። አያድርጉት፤ ገመዱ የዝላዩን ምሰሶ ይይዛል፣ ውሻውም አየር ላይ ሳለ ወደ ኋላ ይጎተታል። ገመዱ ለጥሪው ነው። አግዳሚው ከመሬት ከፍ የሚለው ገመዱ ሲፈታ፣ ገመዱ የሚፈታው ደግሞ ፊሽካው ሲሠራ ነው።